አባቴ ግማሹን ብቻ የሚያውቀው ዘፈን

መርፌ ከሚሽከረከር ሸክላ ላይ ድንገት ሲነሳ የሚያወጣው ድምፅ አለ። አጭር ነው፤ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ዓይነት። ባለፈው ወር ቦሌ፣ አንድ አዲስ ካፌ ውስጥ ከልጄ ጋር ተቀምጬ ይህንኑ ድምፅ ሰማሁ። የካፌው ባለቤቶች ወጣቶች ናቸው፤ ለጌጥ ብለው ይሁን ከልባቸው ወደውት እንጃ፣ አንድ ጥግ ላይ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ አስቀምጠዋል። የጥንት የአሜሪካ ዘፈን፣ አንዱ ሲዘፍን ሌሎቹ ከኋላ ሆነው የሚያዜሙለት፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት እየተጫወተ ነበር። ኳስ ሊጀምር ነው ተባለና አስተናጋጇ መጥታ መርፌውን አነሳችው። እኔ ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

"ማሚ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ ልጄ።

"ምንም" አልኳት። ምን ልበላት? ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ከኦሎምፒያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በነበረ የጭቃ ቤት ነው። ዛሬ ቦታው ላይ የመስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ አሁን ከምኖርበት ከሲኤምሲ ስመጣ በዚያ በኩል ካለፍኩ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ያኔ ግን ቤታችን ከሩቅ ይታወቅ ነበር፤ ቀን ቀን ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ነበረና። አባቴ ትራምፔት ነፊ ነበር። ማታ ማታ እዚያው ሰፈር ካለ ሆቴል ከባንዱ ጋር ይጫወታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እቤት ቁጭ ብሎ የአሜሪካ ሸክላዎችን እያዳመጠ ኖታቸውን ያወጣል። የሆቴሉ ደንበኞች የውጭ ሰዎችና የከተማው ዘመናውያን ነበሩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካን ያስጨፈሩትን ዘፈኖች ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው አይሄዱም።

የሙዚቃ ሰው ልጅ ስለሆንኩ ዘፈን ጠግቤ ያደግኩ ይመስላችኋል። እኔ ግን ዘፈን የማውቀው ቁርጥራጩን ነበር። አባቴ ትንሽ ያዳምጥና መርፌውን ያነሳል። በእርሳስ ይጽፋል። መርፌውን መልሶ ያስቀምጣል፤ ያነሳል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን አቋርጣ ግድግዳው ላይ እስክትወጣ ድረስ አንዲት ሐረግ ስትመላለስ ትውላለች። ክፍሉ የናስ ማጽጃና የፀጉር ቅባት ይሸታል። እናቴ ከጓዳ ሆና "አንተ ሰው፣ ራሴን አዞርከው እኮ!" ትላለች። እሱ አይሰማትም። ከላያችን ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ሲያልፍ ብቻ እርሳሱን አስቀምጦ እስኪርቅ ይጠብቃል።

ከሁሉም ዘፈኖች ግን አንዱ ሸክላው አልነበረውም።

አባቴ በወጣትነቱ ኮሪያ ዘምቷል። እግሩን ቆስሎ የአሜሪካኖች የሕክምና ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ከጎን ባለው ድንኳን ነርሶቹ ሬዲዮ ነበራቸው። በየምሽቱ ራታቸው ካለቀ በኋላ አንድ ዘፈን ይመጣል። በዚያን ጊዜ በጣም የተወደደ ዘፈን ሳይሆን አይቀርም፤ ሳይመጣ የቀረበት ቀን አልነበረም ይላል። ግን ግማሹ ላይ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ይጠፋል፤ የመኝታ ሰዓት ነው። መብራቱም ሬዲዮውም አብረው ድርግም። ከዚያ የሚቀረው የንፋሱ ድምፅና የቁስለኞቹ ማቃሰት ነው። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር፤ ርዕሱን አልያዘውም፤ የዘፋኙንም ስም አልሰማም። ዜማውን ብቻ፣ እሱንም ግማሹን፣ ይዞ አገሩ ገባ። እግሩ ከእንግዲህ ለዘመቻ ስላልሆነ የጦሩ ባንድ ውስጥ አስገቡትና ትራምፔት ሰጡት።

"መጀመሪያ የነፋሁት ምን ይመስልሻል?" ይለኝ ነበር። "ያንን ግማሽ።"

ሌላውን ግማሽ ራሱ ፈጠረው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ሆቴሉ የማይቸኩልበት ሰዓት፣ በረንዳው ላይ ቆሞ የኮሪያውን ዘፈን ይነፋልን ነበር። የሰማው እስከሚያበቃበት ድረስ እንደሰማው ይሄዳል፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ የራሱን ይጀምራል። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ አንድ ሰው ሩቅ አገር ሰንብቶ ደጃፉ ሲደርስ፣ ከማንኳኳቱ በፊት ቆም ብሎ ቤቱን እንደሚያየው ያለ ዜማ ነበር። እናቴ እንኳ ያኔ ከጓዳ ትወጣለች፤ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ደጃፉ ላይ ትቆማለች። የራሱን ግማሽ ኖታ ላይ አላሰፈረውም። "እውነተኛው ሲገኝ እኮ ይሄ አያስፈልግም" ይላል።

እውነተኛውን የምትፈልግለት ጎረቤታችን ነበረች። ሆስተስ ናት፤ ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ቪላ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ዩኒፎርሟን ለብሳ ስታልፍ የሰፈሩ ሴት ልጆች ሁላችንም እሷን መሆን ነበር የሚያምረን። ከበረራ በተመለሰች ቁጥር ለአባቴ ሸክላ ታመጣለታለች፤ አብዛኛው ያረጀ፣ ሰው ሰምቶ የጠገበው፣ ልባሱ የተላላጠ። አባቴ ዜማውን እያንጎራጎረ አስተምሯታል።

"ጋሼ፣ ዛሬስ እሱ ይሆን?" ትለዋለች ከበር ሳትገባ።

አባቴ ሸክላውን ያስቀምጥና ጥቂት ያዳምጣል። "አይደለም ልጄ። ግን ጥሩ ዘፈን ነው።" ከዚያ ያንንም ቆራርጦ ይጽፈዋል።

አብዮቱ መጣ። የውጭ ሰዎቹ ሄዱ፤ ሆቴሉ ጭር አለ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። አባቴና ጓደኞቹ ለሰላማዊ ሰልፍ ማርሽ መጫወት ጀመሩ። የአሜሪካ ሸክላ እቤት ማስቀመጥ ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። አባቴ አልጣላቸውም፤ አልጋ ሥር አስገባቸው። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ወደ ማጫወቻው አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር።

ከዚያ መሣሪያ ፍለጋ የቤት ለቤት አሰሳ ተጀመረ፤ እኛ ቤት የደረሰው ጠዋት ነበር። ጠዋት መሆኑን የማስታውሰው ቁርስ አቅርበን ስለነበር ነው፤ ሻዩ ሲፈስ ትዝ ይለኛል። ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ገቡ። መሪያቸው ልጅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጢሙ ገና አልጠናም። ቁም ሳጥኑን ገለበጡ፤ ፍራሹን አነሱ። ከአልጋው ሥር የትራምፔቱን ሻንጣ ጎትተው አወጡ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ልጁ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ወታደር ቤትና ሆቴል የኖረ ሰው ነው። አፉ የለመደውን መለሰ። "ትራምፔት ነው፣ ጌታዬ።"

"ምን አልክ?"

"ትራምፔት ነው፣ ጌታ…"

"ጌታ የሚባል ነገር ቀርቷል!"

በሰደፍ አፉ ላይ መታው። ድምፁን አልነግራችሁም። አባቴ ወደኋላ ተንገዳግዶ ግድግዳውን ተደገፈና ቀስ ብሎ ወረደ። እናቴ እሪ አለች፤ ከዚያ አቅፋኝ "ዝም" አለች፤ እኔን ይሁን ራሷን እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጁ ሻንጣውን ከፍቶ አየ። ቢጫ ናስ ብቻ ነበር። መልሶ ዘጋው፤ ትንሽ ግራ የገባው መሰለኝ። ሸክላዎቹን በጫማው ገፋ አደረጋቸውና ወጡ። ከፊት ያሉት ጥርሶች ወለሉ ላይ ነበሩ። እናቴ በመሐረብ ለቀመቻቸው።

ጥርስ የሌለው ሰው ትራምፔት አይነፋም። ከንፈር የሚደገፈው ጥርስን ነው። ቁስሉ ሲድን ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራለት፤ ለምግብ ሆነለት፤ ለትራምፔት ግን ይንሸራተታል። ጥርሱ እንደተሠራለት በረንዳው ላይ ወጥቶ ሲሞክር በመስኮት አየሁት። የወጣው አየር ብቻ ነበር፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ያለ። ዞር ብሎ ማንም እንዳላየው አረጋገጠና ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሞከረም። ግን በየሳምንቱ አውጥቶ ያጸዳዋል። ዘይት ያደርግለታል፤ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ መልሶ ሻንጣው ውስጥ ያስተኛዋል። ባንዱ በሌላ ሰው ተካው፤ ከበሮ መቺው ብቻ አልፎ አልፎ እየመጣ ይጠይቀው ነበር። ሁለቱም ስለ ሙዚቃ አያወሩም፤ ስለ ስኳር ሰልፍ ያወራሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስተሷ ከአየር ማረፊያው በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። ሻንጣዋን እንኳ እናቷ ዘንድ አላደረሰችም። ፊቷ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ አገኘሁት!"

ፍራንክፈርት፣ የአሜሪካ ወታደሮች ያረጀ ሸክላቸውን የሚሸጡበት ሱቅ ገብታ፣ ዜማውን ለሽማግሌው ባለሱቅ አንጎራጎረችለት። ሰውየው እስክትጨርስ አልጠበቀም፤ ወደ ጓዳ ገብቶ ይዞላት ወጣ። አባቴ ትንሿን ሸክላ ተቀብሎ ግራና ቀኝ አገላበጣት። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ። መርፌውን ራሱ አስቀመጠ።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ አወቅነው። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ዘፈነ፤ ሌሎቹ ከኋላ አዜሙለት፤ ዜማው አባቴ በረንዳው ላይ ይነፋው እንደነበረው፣ ልክ እንደዚያው ነበር። ጄኔሬተሩ የሚጠፋበት ቦታ ደረሰ። እናቴ ከጓዳ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እኔ የአባቴን እጅ ነበር የማየው፤ ከልማዱ መርፌውን ያነሳል ብዬ። አላነሳም። ዘፈኑ ቀጠለ።

የቀረው ግማሽ ምንም አልነበረም። ሰውየው የመጀመሪያውን ስንኝ ደገመው፤ ሌሎቹም ደገሙለት፤ ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ሸክላው ባዶውን እየተንኮሻኮሸ ዞረ።

"እሱ ነው፣ ጋሼ?" አለች ሆስተሷ።

"እሱ ነው ልጄ። እሱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።" ተነስቶ ግንባሯን ሳማት። እሷ በደስታ አለቀሰች፤ እኛ ለምን እንደምናለቅስ የገባት አልመሰለኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአንዱ በረራ ወጥታ አልተመለሰችም፤ ደጋግሜ የማስታውሳት እንደዚያ ቀን ሆና ነው።

እሷ ስትሄድ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ያንተ ይሻላል" አልኩት። "ያንተ ግማሽ።"

ከንፈሩን ሳይከፍት ፈገግ አለ። አፉ ላይ እጁን አድርጎ መናገር ከለመደ ቆይቷል። "ይሻል ነበር" አለ። "አሁን ግን ያለው ይሄኛው ብቻ ነው።"

አንጎራጉርልኝ አልኩት። ሞከረ። መጀመሪያውን አገኘው፤ ሁለተኛው ሐረግ ላይ ቆመ። "ጣቶቼ ናቸው የሚያውቁት" አለኝ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ፣ ቁልፎቹን እንደሚጫን ሆነው፣ ያለ ድምፅ እስከ መጨረሻው ሄዱ። አየኋቸው፤ ግን ጣት አይቼ ዜማውን ማውጣት አልቻልኩም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልሰው ስል የሚመጣልኝ የበረንዳው ብርሃንና የእናቴ እጅ ነው። ዜማው የለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ከበሮ መቺው ሊጠይቀው ሲመጣ፣ አባቴ ከአልጋ ሥር ሻንጣውን አወጣ። በዚያ ሳምንት ሁለቴ አጽድቶት ነበር።

"ውሰደው" አለው። "እናንተ ዘንድ ለሚነፋው ልጅ ስጠው።"

"ተው እንጂ" አለ ከበሮ መቺው። "ይቆይ። ማን ያውቃል።"

"እኔ አውቃለሁ።"

ሻንጣውን እስከ ውጭው በር ድረስ ራሱ ተሸከመው። እዚያ ሲደርሱ ዘረጋለት፤ ከበሮ መቺው ያዘ፤ አባቴ ግን ወዲያው አልለቀቀም። ከበሮ መቺው አልጎተተም። ሁለቱም ሻንጣውን እንደያዙ፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ቆሙ። ከዚያ አባቴ ለቀቀ። ሰውየው መንገዱን ይዞ ሄደ፤ አባቴም በሩን ሳይዘጋ፣ ባዶ እጁን አንጠልጥሎ፣ ከኋላው እያየ ቀረ።

እናቴ ከበረንዳው ላይ ሆና "ግባ እንጂ፣ ብርድ እንዳይመታህ" አለችው።

ፀሐይ ነበር።