ባለቤቱ በሕይወት አሉ?

ከትውልድ ከተማየ ከአማኑኤል የወጣሁት መስከረም ገና በጠባ ሰሞን፣ በዝናብ ማታ ነው። እማየ ስንቁን በላስቲክ ላይ ላስቲክ እየደረበች ጠቅልላው ሕፃን ልጅ አቅፌ የምሄድ መስያለሁ። ጋቢየን ትከሻየ ላይ ጣል አድርጌ ልወጣ ስል፣ በጃማይካ በኩል አሜሪካ ሊያስገባኝ የተዋዋለው ደላላ ከደጅ ሆኖ፣ «ጃማይካ ሙቀት ነው፤ ጋቢ ምን ያደርግልሃል?» አለ። አባየ ጋቢውን ተቀብለው «ይቀመጥልሃል» አሉና ግድግዳው ላይ ካለው ኩላብ ሰቀሉት።

ደላላው ነገሩን ሲያስረዳኝ «ጃማይካና አሜሪካ ጎረቤት ናቸው፤ ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ እንደመሄድ ነው» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፣ ጎረቤት ናቸው። በመካከላቸው ባሕር እንዳለ ግን አልነገረኝም። እኔም ዓባይን በድልድይ የተሻገርሁ ሰው ነኝና፣ ቢኖርም ድልድይ አያጣውም ብየ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርቴን ያየው ሹም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኢትዮጵያ! ጽዮን! የአባቶቻችን አገር!» አለ። ደስታየን ሳልጨርስ ፊቱን ኮስተር አደረገና «ለምን መጣህ?» አለኝ።

«ዘመድ ጥየቃ።»

«ዘመድህ ማን ነው?»

«አሁን የአባቶቻችን አገር አላልህም እንዴ? አንተ ነሃ!»

ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። በዚያች አገር የቀለለልኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው። የጮቄን ተራራ ነፋስ የለመደ ገላየ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ያም የሚሉትን ሥር ሲያቀርቡልኝ ድንች መስሎኝ በደስታ ጎረስሁ፤ ድንች ግን አልነበረም። ሰላምታቸውማ አንዲት ቃል ናት፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው የሚል የለም።

ቤት ያከራየችኝ ሚስ ኦፓል የምትባል ጉልበተኛ ሴት ናት። መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታ አሮጌ ዕቃና የእጅ ሥራ ትሸጣለች። ሥራ ፈትቼ ብታየኝ፣ «ተነሥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ትወርዳለህ፤ ዓይንህ የሚወደውን ለቅመህ ታመጣለህ» አለችኝ። ገበያው ጎዳና ላይ ነው፤ ያረጀ ኮት፣ የሸክላ ሳህን፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ፣ የሰሌን ቅርጫት መሬት ላይ ተዘርግቷል። እኛ ቤት ወተት የሚናጥበት ቅል እዚያ ወፍና ዘንባባ ተቀርጾበት እንደ ንጉሥ ዕቃ ተደርድሮ ይሸጣል። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ እነሱ አገር ግን ድንጋይ ሰባሪው ቅል በጨርቅ ይወለወላል።

እኔን ያስቸገረኝ ልብሱ ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የሞተ ሰው ልብስ እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ከዚያ ለነፍስ አባት ወይም ለድሃ ይሰጣል እንጂ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ኮት ባነሣሁ ቁጥር «ባለቤቱ በሕይወት አሉ?» ብየ እጠይቃለሁ። ሞተዋል ከተባልሁ ባርኔጣየን አውልቄ «ነፍስ ይማር» እልና ጥቂት ዝም ብየ እቆማለሁ። ሻጮቹ የክርክር ዘዴ መሰላቸው። ዝም ባልሁ ቁጥር ዋጋ ይቀንሱልኛል!

«አንተ ሰው፣ በለቅሶ ነው እንዴ የምትገዛው?» ብላ ሚስ ኦፓል ጮኸችብኝ። ኋላ ግን ከሻጮቹ የሰማሁትን ሳወራ ደንበኞቿ የዕቃውን ታሪክ ለመስማት ብለው ጠረጴዛዋን ሲከቡት፣ «ጠይቅ፣ ጠይቅ!» እያለች ትገፋኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ አንዲት አሮጊት ግራጫ ኮት ይዘው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ሚስተር ዊንስተን ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሪ ነበሩ። «ለምን ይሸጡታል?» አልኋቸው። «ተሰቅሎ ሳየው የሚመጣ ይመስለኛል» አሉኝ። ያን ኮት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አልቻልሁም። አጠብሁት፣ ተኮስሁት፣ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ለአባየ ላክሁት። «ከሱቅ የተገዛ፣ አዲስ ነው» ብየም አስነገርሁ።

ከዚያ ጀምሮ ስልክ በጠራ ቁጥር ከማንሣቴ በፊት የደዋዩን ቁጥር አያለሁ። አባየ ለሸንጎ የሚጠሩ፣ ቃላቸው የሚታመን ሰው ናቸው፤ እኔን ደግሞ ባለሱቅ አድርገው ነው ለሰው የሚያወሩኝ። ልጃቸው ከመንገድ የሙት ልብስ እየለቀመ እንደሚሸጥ፣ አልፎም እሳቸውን እንዳለበሳቸው ቢሰሙ ዓይኔን ማየት የሚፈልጉ አልመሰለኝም።

ያለፈው እሑድ ደወሉ።

«ኮቱ ልክ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰው ሁሉ አየው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናንተ አገር አዲስ ኮት ከነጠመኔው ነው እንዴ የሚሸጡ?»

«ምን አሉ አባየ?»

«ገበሩ ተቀዶ ጠመኔ ገብቶበታል። አስተማሪ ነበር?»

«አዎ፣ አባየ።»

«በሕይወት አለ?»

«የለም።»

ተቆጡኝ ብየ ዓይኔን ጨፈንሁ። «ነፍስ ይማር» አሉ። «ጠመኔውን ካገኘሁ ወዲህ በለበስሁት ቁጥር ስለነፍሱ እጸልያለሁ። ስሙን ንገረኝ እስቲ።»

«ሚስተር ዊንስተን።»

«ዊን… ኧረ እንዲያው አስተማሪው ብየው ልቅር፤ እግዜር ያውቀዋል።»

ስንስቅ ከሚስ ኦፓል በቀር የሚሰማኝ አልነበረም። እሷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ሳቀች። ከዚያ አባየ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጋቢህን የጎረቤት ልጅ አይቶ ‹ከተሰቀለ ቆየ፣ ለእኔ ይስጡኝ› አለ። ‹ባለቤቱ በሕይወት አለ› ብየ ከለከልሁት። እናትህ ግን ‹አውርደው› ትለኛለች፤ ተሰቅሎ ስታየው አንተ የምትመጣ እየመሰላት። መቼ ነው የምትመጣ?»

የሰውን ልብስ ሁሉ ባለቤት የምጠይቅ ሰው፣ በተራየ ስለ ራሴ ጋቢ ተጠየቅሁ።

«አያውርዱት አባየ» አልሁ። «ለማንም አይስጡብኝ።»