የአዋላጇ መኪና ውሃ ያስገባል

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። «ጥብቄ» ያለው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሰፋለት ሸራ በነፋስ ተገንጥሎ ሲወሰድ ጨርቁ ተቀደደ እንጂ ስፌቱ አልተፈታም ነበር። ሹፌሩ ቅዳጁን ይዞ መጣና በሰው ፊት «ይሄ ሰውዬ ሲሰፋ ጥብቅ ነው!» አለ። ስሙ በዚያው ቀረ። ሚስቱ እንኳ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው።

ጥብቄ አሥራ አንድ ዓመት ድንኳን ፋብሪካ ውስጥ ሰፍቷል። ፋብሪካው ሲዘጋ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ይዞ ወጣ፤ መንገድ ዳር ያለችውን የቤቱን ክፍል ሱቅ አደረጋት። የመኪና ወንበር ያለብሳል፣ የጭነት ሸራ ይጠግናል፣ የተቀደደ ሻንጣም ቢመጣ አይመልስም። ግቢው አንድ መኪና ብቻ ነው የሚችለው፤ ሁለተኛ ከመጣ የሚስቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ይፈታል፤ ገመዱ ከተፈታ ደግሞ ጠብ አለ። ጥሩ ሰው ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለት አይሆንለትም። ሚስቱ «ያንተ ይሉኝታ አንድ ቀን ጉድ ያፈላል» ትለው ነበር።

አዋላጇ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከሥራ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሆኖም በሰፈሩ ሲያልፉ ጎረምሳው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። የጥብቄ አንድ ልጅ የተወለደችው በእሳቸው እጅ ነው። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁራ፣ ድምፅ ሳታሰማ ወጣች። አዋላጇ ዘቅዝቀው ሁለቴ መቷት፤ ሦስተኛው ላይ ጮኸች። ዛሬ ያቺ ልጅ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ጥብቄ ግን አዋላጇን ባየ ቁጥር ያ ጩኸት ጆሮው ላይ ይመጣል፤ እሳቸው ፊት ድምፁ የሚያንሰውም ለዚህ ነው።

መኪናቸው ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ሁለት በር ያላት፣ ድሮ የወይን ጠጅ ቀለም የነበረች ናት። በወጣትነታቸው ከአንድ ሐኪም ገዝተዋት አርባ ዓመት ነድተዋታል። ምጥ የያዛት ሴት ወዳለችበት ሲበሩባት ኖረው፣ ሦስት ልጆች ኋላ ወንበሯ ላይ ተወልደዋል። አሁን ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር። አዋላጇ አብረዋቸው የሚኖሩትን የልብ ሕመምተኛ ታላቅ እህታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በዳገቱ መንገድ ወደ ሆስፒታል ያመላልሱባታል።

ክረምቱ እንደገባ መጡ።

«ታላቄ ጭን ላይ ይንጠባጠባል» አሉ ከመኪናዋ ሳይወርዱ። «ትናንትና መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ ተቀመጠች። መንገደኛው ሁሉ ሲስቅብን ዋለ። በል ስፋልኝ።»

ጥብቄ ሥራውን ያውቀዋል። ሚስቱ ከውጭ የውሃ ጎማ ይዛ ትቆማለች፤ እሱ ባትሪ ይዞ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ከታች ተጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

«ገባ?» ትላለች ሚስቱ።

«ገና።»

«አሁንስ?»

«አንገቴ ላይ! አንቺ፣ መስኮቱን ነው ያልኩሽ እኔን አይደለም!»

የኋላው መስኮት ዙሪያ ክሩ በስብሶ ነበር። ፈትቶ በሰም በታሸ ክር ሁለት ጊዜ ደርቦ ሰፋው። ከዚያ ወዲያ ውሃው በመስኮቱ ዙሪያ ጠብ አልል አለ። አዋላጇ መርቀውት ሄዱ።

በስምንተኛው ቀን ተመለሱ። አሁን በፊት መስታወቱ ግራ ጥግ ነው የሚገባው። ጥብቄ በመስታወቱ ጠርዝ ባለው ማሸጊያ ጎማና በሸራው መካከል ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ ጎተተ። ጎማው ጨብጦ መያዝ ሲገባው ወረቀቱ ሸርተት ብሎ ወጣ። ጎማው አርጅቷል ብሎ ወፈር ባለ አዲስ ቀየረው። ሊያስረክብ በሩን ሲዘጋ ግን በሩ አልገጥም አለ።

«ከፍ አድርገህ ዝጋት» አሉ አዋላጇ። «አመሏ ነው። ሁለታችንም አርጅተናል።»

ከፍ አድርጎ ዘጋው። ሳቀም።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አልሳቀም። ባለፈው ሳምንት ወረቀት ብቻ ያስገባ የነበረው ክፍተት አሁን ትንሿን ጣቱን ያስገባል። ያውም በሁለቱም ጎን። ጥብቄ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ ርቆ አየ፤ ቀርቦ አየ። ሸራ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ጎማ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። ይሄ ግን በሳምንት ውስጥ ጣት አይሞላም። ሸራውም ጎማውም እዚያው ናቸው። የተንቀሳቀሰው ብረቱ ነው።

ይሄን ሐሳብ ወደ ጎን አደረገና የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ሸራውን ከነማጠፊያው አወረደው፤ ጠርዙን አሳጠረው፤ በማስቲሽ አጣብቆ እንደ ከበሮ ወጥሮ ሰፋው። ጣሪያው የተዘጋው እሱ ከአንድ ወገን፣ ሚስቱ ከሌላ ወገን ተንጠልጥለውበት ነው። ከዚያ ሚስቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውሃ አፈሰሰችበት።

«ገባ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ዝም በይ እስቲ። ጎማውን ዝጊው።»

ውሃው ቆመ። ጸጥ ሲል፣ ከእግሩ ስር፣ ከበሩ ደፍ ውስጥ አንድ ነገር ቸብ ቸብ ይላል። ሰውነቱን ወደ ግራ ሲያዘነብል ድምፁ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ ይመለሳል።

ከወንበሩ ጀርባ፣ ከሸራው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ወደ መሬት የሚያወጡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ሁለቱም በቅጠልና በጭቃ ተደፍነዋል። ሽቦ ሰደደባቸው። መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ወጣ። ቀጥሎ እንደ ደም የቀላ ውሃ ግቢውን ሞላው፤ በውሃው ላይ ጥፍር የሚያካክሉ የዝገት ቅርፊቶች ተንሳፍፈው መጡ። ስንት ክረምት እንደተጠራቀመ ማን ያውቃል። ምንጣፉን ገልጦ ካቻቢቴውን በበሩ ደፍ ላሜራ ላይ ጫን አደረገው። እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ጎረቤቱን በያጁን ጠራው። በያጁ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ቀብር ላይ እንኳ ካልቀለደ አይሆንለትም። መኪናዋ ስር በጀርባው ገባ። ብዙ ቆየ።

«ማን ነው የሚነዳት?» አለ ከስር ሳይወጣ።

«አዋላጇ።»

በያጁ ጭቃውን እያራገፈ ወጣ።

«ይቺ መኪና መሃሏ አልቋል። የፊቱ ለብቻው፣ የኋላው ለብቻው ነው የቀረው። ለዚህ ነው ጣሪያው አልገጥም ያለህ፤ ወገቧ በታጠፈ ቁጥር መስታወቱና ሸራው ይራራቃሉ። አሁን አጥብቀህ ስትወጥረው ደግሞ ክፍተቱ ተዘጋ። ስለዚህ ውሃ አይገባም፤ ወገቧ ሊቆረጥ መሆኑን ማንም አያውቅም።»

«እየቀለድክ ነው?»

«ስስቅ ታየኛለህ?»

ሚስቱ ምሳ ላይ «ቁልፉን ደብቀው» አለችው።

«ለእሳቸው? ልጄን ላተረፉልኝ ሴት ቁልፍ ልከልክል?»

«ታዲያ ንገራቸው። ፊት ለፊት፣ ሳታሽሞነሙን።»

«እነግራቸዋለሁ።»

አዋላጇ አርብ ከሰዓት በኋላ እህታቸውን ደግፈው መጡ። መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ አሳረፉ፤ ምንጣፉን ዳሰሱ፤ ጣሪያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ፊታቸው እንደ ልጅ በራ።

«ደረቅ! እጅህ ይባረክ። ሦስት ቦታ ወስጃት ያልሆነላትን አንተ አዳንካት። ለሰው ሁሉ ነው የማወራልህ።»

ጥብቄ ያዘጋጀውን ንግግር አልጀመረውም። ምስጋናው ደስ አለው፤ በኋላ ሲያስበው ይበልጥ ያሳፈረው ይሄ ነው።

«እትዬ፣ እንደው... ከስር ትንሽ ዝገት አይቻለሁ። በያጁ አንድ ቀን ቢያያት መልካም ነበር።»

«ዝገትማ እኔም አለብኝ፤ ጉልበቴን ብታየው! ክረምቱ ይውጣና እናሳያታለን።»

«ባይቆይ ይሻል ነበር...»

«ነገ ሆስፒታል ቀጠሮ አለን፣ ልጄ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

በሩን ከፍ አድርጎ ዘጋላቸው። ታላቅየዋ የራስ ሻሻቸውን ፈተው በበሩ እጀታ አሳልፈው የእጃቸው አንጓ ላይ ቋጠሩት። ጥብቄ ለመደገፊያ መስሎት አለፈው። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ ከስሯ እንደ ብስኩት ፍርክስክስ የሚል ድምፅ ተሰማው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ገና በማለዳ ጀመረ። ጥብቄ የአንድ ሚኒባስ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። መርፌ ተሰበረበት፤ ቀየረ። እንደገና ተሰበረ። ሦስተኛውን ክር ሲያስገባ ሚስቱ ከኋላው መጥታ የስፌት መኪናውን መንኮራኩር በእጇ ያዘችው። በእውነተኛ ስሙ ጠራችው።

«ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልሂድ?»

አዋላጇ ቤት ሲደርስ ግቢው ባዶ ነው። በያጁን ከነፒክአፑ ይዞ በዳገቱ መንገድ ተከተሉ። ዝናቡ መጥረጊያውን ያሸንፈዋል። በያጁ ያን ቀን አልቀለደም። አንዴ ብቻ «ከድልድዩ በፊት ከደረስንባቸው ደህና ነው፤ ከድልድዩ በኋላ መንገዱ ጉድጓድ ነው» አለ። ድልድዩ ላይ ማንም አልነበረም።

ያገኟቸው ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ነው። መኪናዋ መንገዱ ጠርዝ ላይ በሆዷ ተኝታለች፤ ፊቷና ኋላዋ ወደ ላይ ቀና ብለዋል። ሁለቱም በሮች ተበርግደዋል። ጥብቄ እንደ ከበሮ የወጠረው ሸራ መሃሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ከሷ አንድ እርምጃ አልፎ ገደሉ በጉም ተሞልቷል።

ታላቅየዋ በገደሉ በኩል ባለው በር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሰውነታቸው ከወንበሩ ወጥቷል፤ አንጓቸው በሻሹ ከእጀታው ጋር ታስሯል። አዋላጇ ጭቃው ላይ ተንበርክከው እህታቸውን ከስር ተሸክመዋል። ሻሹን ለመፍታት ቢለቋቸው የእህታቸው ክብደት ሁሉ የታሰረው ክንድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሳይንቀሳቀሱ፣ ምጥ ላይ ላለች ሴት በሚያወሩበት በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ ይናገራሉ።

«ተንፍሺ። በርቺ። ተንፍሺ። መጡልን፣ በርቺ።»

በያጁ ከስር ገብቶ ደገፋቸው። ጥብቄ ከኪሱ የክር መቁረጫውን አውጥቶ ሻሹን ቆረጠው።

የታላቅየዋ የትከሻ ጅማት ተበጥሶ ኖሮ ክንዳቸው ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ሆኖም ሻሹ ባይኖር ገደል ውስጥ ነበሩ። ጥብቄ ሆስፒታል ሊጠይቃቸው ሲሄድ ብቻቸውን አገኛቸው። በሩ በየኩርባው እየተከፈተ ሲያስቸግራቸው ዓመት እንዳለፈው ያኔ ነገሩት። እጃቸውን ከበሩ ጋር የሚያስሩት ለዚያ ነው።

«ለእህትዎ ለምን አልነገሯቸውም?» አላቸው።

«ብነግራት ትሸጣታለች» አሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። «ከሸጠቻት ምን ቀራት? ጡረታና እኔ።» ከዚያ ፊታቸውን አዙረው «አንተስ?» አሉት።

ጥብቄ ያመጣውን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

መኪናዋን በያጁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቆራርጦ ጨረሳት። ብዙም መጋዝ አላስፈለጋትም፤ አንዳንዱ ላሜራ በእጅ ሲጎትቱት ይመጣ ነበር። ታላቅየዋ በዓመቱ በልባቸው ሕመም፣ አልጋቸው ላይ እንደተኙ አረፉ። ጥብቄ ለቀብሩ ድንኳን ሰፍቶ ተከለ፤ አዋላጇ አመሰገኑት።

አሁን አዋላጇ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። በሱቁ በር ሲያልፉ «እንዴት ዋልክ?» ይሉታል፤ እሱም ብድግ ብሎ ይመልሳል። አንድ ቀን ብቻ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጃንጥላቸውን አላጠፉም።

«ነግረኸኝ ነበር አይደል?» አሉት።

«አዎ እትዬ። ነግሬዎት ነበር።»

«በደንብ አልነገርከኝም» አሉ፤ መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም እስኪመሽ ድረስ የስፌት መኪናውን አላስነሱትም።