ጭቃ ያለበት ኳስ አይገባም

ጋሽ ኩምሳ ሂርጳን አንደኛ ዓመት እያለሁ አምርሬ ነበር የምጠላቸው። አቃቂ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን የስፖርት ዕቃ መጋዘኑን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ኳስ ለመውሰድ ተጫዋቹ ሁሉ የተማሪ መታወቂያውን ማስያዝ ግድ ነው። ስትመልሱ ደግሞ ኳሱ ካልታጠበ መታወቂያችሁን አታገኙም። "ጭቃ ያለበት ኳስ አይገባም" ይላሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ። ያለ መታወቂያ ደግሞ ካፌ አያስገባም። በእሳቸው ምክንያት እኔ ራሴ ሁለት ቀን ምሳ አልፎኛል፤ እስካሁን አልረሳሁላቸውም።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነው የቀራቸው። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ጠዋት በሚኒባስ ይመጣሉ፣ በጋም ክረምትም ያቺን ግራጫ ኮት አያወልቋትም። በሕይወታቸው ኳስ መትተው አያውቁም። ሜዳው ግን ድሮ የአባታቸው ማሳ ነበር፤ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት ነበር። ይህን የሰማነው ከግቢው አትክልተኛ ነው እንጂ እሳቸውስ ትንፍሽ አላሉም። ሜዳው ሲሠራ "ውሃው በዚህ በኩል አይወርድም" ብለው ለተቋራጩ ተናግረው ነበር አሉ። ማን ሰምቷቸው! የሲሚንቶ ቦዩ ከላይ ተሠራ፤ ውሃው ዝናብ በጣለ ቁጥር ከታች፣ ጎሉ አፍ ላይ ይተኛል። እዚያ ጎል ላይ የምቆመው በረኛ ደግሞ እኔ ነኝ።

የሴቶች የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል ነገር ግቢያችን ውስጥ በወሬ ብቻ ነበር የምናውቀው። አንደኛ ዓመት ላይ ማልያ የለም ተባልን። ሁለተኛ ዓመት ሜዳው ለወንዶች ተሰጠ። ሦስተኛ ዓመት ዳኛው ቀረ። አምበላችን ሰልዋ የቃሊቲ ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ሱፍያን ሱቃቸውን በሥራ ቀን ዘግተው አያውቁም። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመታችን ስለሆነ ግን "ቅዳሜ ዘግቼ መጥቼ አይሻለሁ" አሏት። ሰኞ ፈተና ይጀምራል፣ ከዚያ ምረቃ ነው። ያ ቅዳሜ ካመለጠን ሌላ ቀን አልነበረንም።

ዓርብ ከሰዓት ወንዶቹ ጭቃ ላይ ሲንቦራጨቁ ውለው ኳስ ሊመልሱ መጡ። ዝናቡ እየወረደ ቧንቧው ግን ደርቋል፤ የአቃቂን ነገር ታውቁታላችሁ። ኳስ ማጠቢያ ጠፋ። ጋሽ ኩምሳ መታወቂያዎቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉና ወደ ገላን ሄዱ።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሰልዋ ጋር ሜዳው ዳር ስንደርስ የእኔ ጎል ኩሬ ሆኗል። የስፖርት ቢሮው ኃላፊ ሉቃስ በስልኩ ፎቶ እያነሳ "እስከ አራት ሰዓት ካልደረቀ ሰርዤዋለሁ" አለ። ሰልዋ ማልያዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ማጣጠፍ ጀመረች። እኔ ግን ሉቃስ ላይ ጮህኩበት። አሁንም ቢሆን አልጸጸትም።

ጋሽ ኩምሳ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ውሃውን አዩ፣ ሰልዋን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝ። ኮቱን ሲያወልቁ ሳይ ገና ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ።

"ፈሰስ ያስፈልገዋል" አሉ። ፈሰስ ማለት ገበሬ ጥቁር አፈር ላይ ውሃ እንዳይተኛ በማሳው ላይ አግድሞ የሚያወጣው ቦይ ነው። በዱላ ከጎሉ ጀርባ እስከ ታችኛው አጥር ድረስ ሦስት መስመር ጫሩ።

"ማን ይቆፍረዋል ጋሼ?" አለች ሰልዋ።

"ቁርስ የሚፈልግ ሁሉ።"

ወንዶቹ መታወቂያቸውን ሊወስዱ መጋዘኑ በር ላይ ተሰልፈው ነበር፤ አሥራ ሰባት ናቸው። ጋሽ ኩምሳ ከአትክልተኛው ያመጡትን አካፋና ዶማ ፊታቸው ደረደሩ። "ኳሳችሁ አልታጠበም። ወይ ታጥባላችሁ፣ ወይ ትቆፍራላችሁ።"

"ጋሼ፣ ውሃ የለም እኮ!" አለ ዚያድ የተባለው አጥቂያቸው።

"እሱን አውቃለሁ። አካፋው ያውልህ።"

እያጉረመረሙ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ጨዋታ ሆነ፤ የማን ቦይ ቀድሞ አጥሩ ጋ እንደሚደርስ ይፎካከሩ ጀመር። ጋሽ ኩምሳ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ "ጥልቀቱን ሳይሆን ዘንበል ማለቱን እይ!" ይላሉ። እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ሦስት ሰዓት ገደማ የመጨረሻዋ ጓል ስትነሳ ውሃው ንቅንቅ አለና ወደ አጥሩ መውረድ ጀመረ። ሁላችንም ጮህን። ሉቃስም ጮኸ፤ ለካ እሱም ሰው ነው።

አራት ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ሜዳው ያው ጭቃ ነው፣ ውሃ ግን የለበትም። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ሁለተኛዋ ጎል የእኔ ጥፋት ናት፤ ኳሷ ከእጄ ሾልካ ገባች፣ ሌላ ምክንያት አልደረድርም። ግን ሰልዋ አገባች! ጋሽ ሱፍያን የማያውቁትን ሰው አቅፈው ሲዘሉ ያየሁትን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ያ የማያውቁት ሰው ዚያድ ነበር።

ሲያልቅ ሰልዋ ኳሱን ይዛ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ጋሽ ኩምሳ ከመጋዘኑ በር ጠሯት።

"የት ትወስጂዋለሽ?"

"ላጥበው ነው፣ ጋሼ። ውሃ መጥቷል።"

"አምጪው።"

ኳሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሏትና እንዳለ፣ ከነጭቃው፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። እኔ አፌ አላርፍ አለኝ። "ጭቃ ያለበት ኳስ አይገባም አይሉም እንዴ?"

ጣታቸው ላይ የቀረውን ጥቁር አፈር አዩት እንጂ አልጠረጉትም።

"ይሄ የአባቴ ነው" አሉ።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው፣ ቁርሱን ትተው ጨዋታውን ሲያዩ የቆዩትን ወንዶች ጨምሮ፣ የሁላችንንም መታወቂያ አንድ በአንድ አደሉን። "ሂዱ" አሉን፣ "ካፌው ሳይዘጋ።"