ሬይኖ እህቱን ወደ ሐይቁ የወሰደ ዕለት

ታይሚ እዚያው ሐይቁ ዳር ተወልዳ እዚያው ሸበተች እንጂ፣ በረዶ ላይ ተቀምጣ ዓሣ አጥምዳ አታውቅም። በሰፈሯ ሐይቁ በብርድ ሲረጋ በረዶውን በስተው ተቀምጠው የሚውሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ለሴቶቹ የሚተርፋቸው የዓሣ ሆድ ዕቃ ማውጣት ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟ ሬይኖ በጠዋት መጥቶ፣ «ተነሽ ታይሚ፣ ዛሬ አጥማጅ አደርግሻለሁ» ሲላት ጆሮዋን ማመን አቃታት።

ከመኸር ጀምሮ ተኳርፈዋል። ያኳረፋቸው ውሃው ዳር ያለችው ሳውና፣ በእንፋሎት የሚታጠቡባት ትንሽ የእንጨት ቤት ናት። እናታቸው ሁለቱንም የወለደችው እዚያች ሳውና ውስጥ ነው፤ ስትሞትም ሬሳዋ የታጠበው እዚያው ነው። «ሳውናዋ የታይሚ ናት» ብላ በቃሏ ተናዛለች። መሬቱ ግን በሬይኖ ስም ነው። የከተማ ሰው ልግዛት ብሎ ሲመጣ ታይሚ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁማ አትነካም!» አለች። ሬይኖም ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም።

«እንዳኮረፍክ የምትቀር መስሎኝ ነበር» አለችው፣ ቦት ጫማዋን እያጠለቀች።

«አንቺን አኩርፌ የት እደርሳለሁ? ያሳደግሽኝ አንቺ!»

ይህን ሲላት አንጀቷ ራሰ። የሞኝ ነገር፣ ለምን ዛሬ ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

ከቤቷ ፊት ለፊት ካለችው ደሴት ጀርባ ወስዶ በረዶውን በሳላት፣ በርጩማም ላይ አስቀመጣት።

«ክሩን ሳብ ለቀቅ አድርጊው። ዓሣ ደግሞ ወሬ አይወድም፤ ለአንቺ ይከብድሻል።»

«ዝም በል! ንፍጥህን ስጠርግልህ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። የመጀመሪያው ዓሣ ሲይዝላት እንደ ልጃገረድ ጮኸች። እንዲህ የተደሰተችበትን ጊዜ አታስታውስም።

ቆይቶ የትራክተር ድምፅ ተሰማ። በአገሩ ትንሽ የእንጨት ቤት ሲሸጥ ማን ያፈርሰዋል? በረዶው ሲጠነክር ከሥሩ ግንድ ይገባለትና እንደ ቆመ በሐይቁ ላይ ይጎተታል።

«ደግሞ ማን ቤቱን ሸጠ?» አለች ታይሚ ዞር ብላ።

ሬይኖ ብድግ አለ። «በወዲያ በኩል ሂድ ብዬው ነበር እኮ! ይሄ ደደብ!»

ያኔ ታይሚ ከደሴቲቱ ጥግ ብቅ ያለውን በር አየች። ባለፈው በጋ በገዛ እጇ ሰማያዊ የቀባችው በር ነው። ባለ ትራክተሩ ምንም አያውቅምና እጁን አውለበለበላቸው። ሳውናዋ በአጠገባቸው እየተንሸራተተች አለፈች።

ታይሚ ክሩን ከእጇ ጣለችው።

«በጉልበት ብትወስዳት ይሻለኝ ነበር» አለች። «ጠዋት በሬን ስታንኳኳ ወንድሜ ተመለሰልኝ ብዬ ነበር እኮ፣ ሬይኖ።»

«ስትሄድ እያየሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው የታጠበው።

«ለሷ የማለቅስ ይመስልሃል?» አለችውና ለብቻዋ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።