የመጨረሻው ባዶ ሸክላ

ሰፈርተኛው «ዶክተር ሸክላ» ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት የቆርቆሮ በር ባላት ክፍል ውስጥ ራዲዮ ሲጠግን ኖሯል፤ ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ድሮ ድሮ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የገዛ ድምጹን ሸክላ ላይ የሚቆርጥበት ማሽን ነበር፤ ሲያዩት ሻንጣ፣ ሲያነሱት ወገብ የሚቆርጥ። ዶክተር ሸክላ ይህን ማሽን ካገኘበት ይለቅማል። አይጥ የበላውን ጎማ ይቀይራል፣ የዛገውን ሞተር በቤንዚን ያጥባል፣ ሲዞርለት ደግሞ እንደ ሕጻን ይፈነድቃል። ሚስቱ ማሽኖቹን «ጣውንቶቼ» ነው የምትላቸው።

ታዲያ ጉሮሮዋን አመማት። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገራቸው፤ ሰኞ በቀዶ ጥገና እብጠቱ ሲወጣ ማንቁርቷም አብሮ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ መናገር የሚባል ነገር የለም።

ልጃቸው የሰባት ወር እርጉዝ ናት። «አያቱ ስትጠራው ሳይሰማ ሊያድግ ነው?» ብላ አለቀሰችና ስልኳን አወጣች። «አባዬ፣ በዚህ እንቅዳት።»

«በስልክ? ስንት ስልክ ጥለሽ የለም እንዴ! እኔ የምቆርጠው ሸክላ ልጅሽ ሸብቶም ይኖራል።»

«እሺ ሁለቱንም እናድርግ።»

«አይሆንም አልኩ! አርባ ዓመት የደከምኩት ለዚች ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?»

«ተይው» አለች እናትየው፣ በሻከረ ድምጿ። «አንዴ እንኳ እንደ ጣውንቶቼ ይየኝ።»

የቀረው ባዶ ሸክላ አንድ ብቻ ነበር። እሁድ ጠዋት ማይኩን ፊቷ አቆመ፣ መርፌውን አወረደ።

መርፌው ሸክላውን ሲቆርጥ ጸጉር የመሰለ ጥቁር ክር ይወጣል። ያንን ክር በለስላሳ ቡርሽ እየጠረጉ ከመርፌው ማራቅ ነው ትልቁ ሥራ። ዓይን ከክሩ ላይ ከተነሳ ክሩ መርፌው ሥር ይተበተባል፣ መርፌው ይንሳፈፋል፣ ድምጹ አይቆረጥም፣ አለቀ በቃ።

«ይኸው ሽማግሌው አጎንብሷል» አለች ለሚወለደው ልጅ። «ጸጉር አስተካካይ መስሎልሃል!» ሳቀች። ከዚያ ልጇን ድሮ በር ላይ ቆማ እንደምትጠራት አድርጋ መጥራት ጀመረች። «ና የኔ ጌታ፣ ና ወደ አያትህ...»

ያኔ ነው ቀና ያለው። አፏን አየ፣ ዓይኗን አየ። ስትጠራ አንገቷ እንዴት ዘንበል እንደሚል በስንት ዓመቱ ገና አሁን ማየቱ ነበር። ወደ ሥራው ሲመለስ ክሩ ተከምሯል። ቶሎ ጠረገው፤ ደህና መሰለው።

«እንስማው እንጂ!» አለች ልጅቷ።

«ይሄ በተሰማ ቁጥር ያልቃል። ትኩሱን ማንም አይነካውም!» ብሎ ወረቀት ውስጥ ከተተው። ሕጉ ነዋ፣ የራሱ ሕግ።

ሚስቱ አንገቷ በፋሻ ታስሮ ከሆስፒታል ስትመለስ አወጣው። ጸጉር አስተካካዩ መጣ፣ ሳቁ መጣ፣ ልክ አሁን የምትናገር መስሎ። «ና የኔ...» ከዚያ ክሽሽሽ። እስከ መጨረሻው ክሽሽሽ ብቻ።

ልጅቷ ስልኳን አገላብጣ አየችና ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ።

«ቀና ብዬ ነው» አላት ሚስቱን። «አየሁሽ።»

ሚስቱ ጣቷን በአየር ላይ አዞረች፤ ድገመው ማለቷ ነው።

«ያልቃል እኮ! መርፌው ይበላዋል። የቀረችው ሳቅ እንኳ ለልጁ ትቆየው።»

እጁን ይዛ መርፌው ላይ አስቀመጠችለት። ደገመው። አሁንም ጣቷን አዞረች፤ አሁንም ደገመው። ክሽሽሽታው የሚጀምርበት፣ እሱ ቀና ያለበት ቦታ በደረሰ ቁጥር ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ሰባተኛው ላይ ሳቋ አሸዋ የገባበት ይመስል ነበር። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሚስቱ እንደገና ጣቷን አነሳች፤ እሱም መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለሰ።