በአንድ ጠዋት የተደፈነው ቦይ

ትናንት ጠዋት ቦዩን ልይ ብዬ ወደ ወንዙ ወረድኩ... ምነው ባልወረድኩ!

ኮልፌ፣ ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ወንዙ ዳር፣ ድሮ ጠጠር ይወጣበት የነበረ ትልቅ ጉድጓድ አለ። አምና ክረምት ወንዙ ሞልቶ ቤታችን ገባ፤ እናቴን አዝዬ ነው ያወጣኋት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በወንዙና በጉድጓዱ መሀል ያለው አፈር ቢከፈት፣ ጎርፉ እኛ ጋ ሳይደርስ እዚያ ገብቶ ይተኛል። ሦስት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። ባለፈው ሳምንት እስካቫተር መጥቶ ቦዩን ቀደደልኝ... እንደ ልጅ ነው የፈነደቅኩት።

ትናንት ስደርስ ቦዩ የለም። አፈር በተሞላ ጆንያ ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኗል። ሃያ የሚሆን የሰፈር ሰው አካፋውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«መጣህ? ያ ማሽን ጠጠር ሊያወጣ መጥቶ ዳሩን ንዶብን ሄዷል! ሌሊት ሲዘንብ ወንዙ ወደ ጉድጓዱ ሲንዶለዶል ደረስንበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ... ይኸው ደፈንነው!»

«ጋሽ ደምሴ፣ እንዲገባ ብዬ እኮ ነው ያስቆፈርኩት!»

«ወንዝ? ሆን ተብሎ? ደህና ነህ ልጄ?»

ቆሽቴ አረረ። ጆንያ ጎትቼ ላወጣ ጎንበስ ስል፣ አፉ ላይ ቀይ ክር አየሁ። እናቴ ወፍጮ ቤት ከሰው እህል እንዳይቀየርባት ጆንያዎቿ ላይ የምትሰፋው ቀይ ክር ነው። ቀጥሎ ያለውም አለው... ከሱ ቀጥሎ ያለውም።

«ይሄን ማን ሰጣችሁ?»

«እናትህ ናታ! ቤት ያላትን ሁሉ አውጥታ ሰጠችን፣ ትባረክ!»

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ደፈኑት አይደል? ዘንድሮስ እኔን ተሸክመህ አትንገላታም» አለችኝ። ደስታዋ ደግሞ!

ምን ብዬ ልቆጣት? ሄጄ አልጋ ላይ ተዘረርኩ። ውጪ ደመናው እየጠቆረ ነው፣ እኔ ኮርኒሱን አያለሁ።

ለወረዳው አስረድቻለሁ፣ ለመሐንዲሱ አስረድቻለሁ፣ ለእስካቫተሩ ሹፌር ሳይቀር አስረድቻለሁ... አንድ ጣራ ሥር ለምታድረው እናቴ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኳትም።