አንድ ዓይን የቀረው ቲኪ

አባቴ ፑሄ፣ ቲኪ የምንለውን የሰው ምስል ሲቀርጽ ዓይኖቹን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። ቀድሞ ማየት የጀመረ ምስል የቀራጩን እጅ ያርበተብታል ይላል። በደሴታችን በፋቱ ሂቫ ቀራጮች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የእሱ ችግር መጨረሻው አለመምጣቱ ነው። የእኔን ቲኪ የጀመረው ከሞተችው ፈረሳችን የጭን አጥንት ነው። ጉንዳን እንዲያጸዳው አራት ወር አሸዋ ውስጥ ቀብሮት፣ እናቴ በግማቱ ስትማረር ከረመች።

ለትምህርት ወደ ታሂቲ በምሄድበት ጠዋት መርከቡ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አባቴ የግራውን ዓይን ጨርሶ፣ የቀኙን ገና በእርሳስ ያሰምር ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ልትሄድ ነው እኮ!" አለች እናቴ።

"ታዲያ ጠማማ ዓይን ይዛ ትሂድ?"

"ሟቿ ፈረስ እንኳ ካንተ ትፈጥናለች!"

ትዕግሥቴ አለቀ። ቲኪውን ከጭኑ ላይ ነጠቅሁት።

"በቃ አባዬ፣ እንዲሁ እወስደዋለሁ።"

"አምጪ! ያላለቀ ሥራ ከቤቴ አይወጣም!"

"ለገና ስመጣ ትጨርሰዋለህ።"

እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

"የቀኙን ዓይን ሌላ ሰው እንዳይነካው" አለኝ።